አሥራ አንድ ሰዓት

ቸርችል ዳገቱ ላይ፣ ከፖስታ ቤት ከፍ ብሎ፣
ቆማለች ኮሮላዬ፣ አፍንጫዋ ሽቅብ ፒያሳን አስተውሎ።
መሪው ላይ ኑሪያ፣ አጠገቧ እኔ ነኝ፤
ከኋላ ወንበር ላይ ወይዘሮ የውብዳር
ብዕሯን ከፍ አድርጋ በስፖኪዮ ታየኝ።

ዛሬ ተፈታኟ ተማሪዋ አይደለችም።
እኔ ነኝ።
የአሠልጣኝ ፈቃዴ ሊታደስ ቀን ደርሶ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ፍሬን የጠበቀ እግር
ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ከጎማው በስተኋላ የክብሪት ቀፎ አረፈ፤
እኔው ነኝ ያኖርኩት፣ ወርጄ ጎንበስ ብዬ፣
ወያላው «አባባ፣ ምን ጠፋዎት?» ብሎኝ እየሳቀ አለፈ።
የባሻ ጎንጤ ነው ይህ የክብሪት ነገር፤
እኔን ያሠለጠኑኝ፣ በሰማያዊ ላዳ፣ ከለገሃር ጀርባ ሰፈር።
«ፍሪሲዮን ስትለቅ ወደ ኋላ ከሸሸህ፣
ቀፎውን አይደለም፣ ሰው ነው የጨፈለቅህ።»
አርባ ቀፎ ገድዬ በአርባ አንደኛው ቆምኩኝ፤
እሳቸው ሳይስቁ፣ «አሁን ገና ጀመርክ፣ ነገ ና» አሉኝ።

«አሠልጣኝ ልሁን» ስል ሌላ ፈተና ነበር።
መንዳቴን አላዩም።
ያዩት አለመንካቴን፤
ሠልጣኝ ሲሳሳት፣ ከፍሬን በላይ ያለች ቀኝ እግሬ
መታገሥ ታውቅ እንደሁ፣
ታግሣም እንዳትዘገይ።

ወይዘሮ የውብዳር ቅጿን ታነባለች፣ ድምጿ እንደ ደረሰኝ።
«ቀበቶ?» «ታስሯል።»
«ስፖኪዮ?» «ታይቷል።»
«የተማሪ ምልክት?» «ከፊትም ከኋላም።»
«ሰዓቱ ሳይሞላ የፈረሙለት ሠልጣኝ አለ?»

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው «የለም» ነው የሚለው፤
እኔም ምላሴ ጫፍ የነበረው ያው ነው።
ግን ሰይፈ መጣብኝ።

ሰይፈ ባለ አዲስ ጃኬት፣ በእጁ ሁለት ስልክ፤
ስድስት ቀን መጥቶ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ነድቶ፣
«ወደብ ላይ ዕቃዬ ቆሞብኛል፣ ጋሼ፤ ሠላሳ በልልኝ» አለኝ።
የማሠልጠኛው ባለቤት በመስኮት ጠቀሰኝ።
የቤት ኪራይ ነበር — ተወው፣ ምክንያት አልደርድር፤
በአሥራ አንዱ ፋንታ ሠላሳ ጻፍኩና ፈረምኩኝ ከሥር።
እንዲያ ያማረ ፊርማ
ከዚያ ወዲህ ወጥቶልኝ አያውቅም።

ምንም አልሰማሁም።
ሞተ፣ ገደለ የሚል ወሬ የለም፤
ይኸው ነው የከፋው።
ወሬ ቢኖር ኖሮ፣ አንድ ቀን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።
አሁን ግን በየቀኑ፣
ፀሐይ ወደ ሜክሲኮ ዘንበል ማለት ስትጀምር፣
ከስታዲየም ወዲህ የታክሲው ሰልፍ ረዝሞ እንደ ገመድ ሲከር፣
ሬዲዮዋ «አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል» ስትል፣
ለከተማው ሰዓት ነው፤
ለእኔ ሒሳብ ነው።

«አለ» አልኳት።
ኑሪያ ዞር አለች። «ፊትሽን» አልኳት፣ «መንገዱን።»
ብዕሩ ቆመ። ከኋላ አንድ አውቶቡስ በረጅሙ ተነፈሰ።
ወይዘሮ የውብዳር ቅጿን ገለጠች፣ ደግማ ገለጠች፤
«ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለውም» አለች።
ቆይታም ቀስ ብላ፣ «ስንት ጎድሎት ነበር?»
«አሥራ ዘጠኝ።»
«ይቀጥሉ» አለችኝ፤
ማለፍ ይሁን መውደቅ ከድምጿ አልለየሁም።

ኑሪያ ማርሽ አስገባች። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ፣ ትንሽ ለቀቅ አደረገች፤
ሞተሩ ድምፁን ሲቀይር የእጅ ፍሬኑን አወረደች፤
እግሬ ከፍሬኔ በላይ፣ በጣት ርቀት፣ ሳይነካ፣ ሳይሸሽ፣
ኮሮላዬ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ብቻ ተራመደች።
በስፖኪዮ አየሁት፤ ቀፎው አስፋልቱ ላይ ደህና ነው፣
ያ አውቶቡስ እስኪያልፍበት።

ቴዎድሮስ አደባባይ ስንደርስ፣ ኑሪያ በሁለት እጇ መሪውን መታ መታ አድርጋ
«ጨረስኩ ማለት ነው?» አለች።
መዝገቡን ከፈትኩት፤ ሃያ ዘጠኝ።
«አንድ ይቀርሻል፣ ልጄ።»
«አንድ ሰዓት ምን አላት?»
ከኪሴ አዲስ ክብሪት አወጣሁ፣
እንጨቱን ኪሴ ውስጥ ዘርግፌ ባዶውን ቀፎ ሰጠኋት፤
«ነገ ይዘሽው ነይ» አልኳት፣
«በአሥራ አንድ ሰዓት።»